ጦማቸውን የዋሉ ባዝራዎች

ዓመታት በእንስሳት ስም በሚጠሩበት አገር፣ በዝንጀሮው ዓመት፣ ዙድ የሚሉት ከብት ፈጅ ብርድ ሲመጣ ያንጅማ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በረዶ በየዓመቱ ይወርዳል፤ ያ ብቻውን ዙድ አይባልም። ያን ዓመት ግን በረዶው ከወረደ በኋላ ሁለት ቀን ሞቅ አለና ላዩ ቀለጠ፤ በሦስተኛው ቀን ብርዱ ተመልሶ እንደ ድንጋይ አጋገረው። ሣሩ ከሥር አለ። ከብቱ ግን በኮቴው ጭሮ ሊደርስበት አልቻለም። በጎቹ ሣር ላይ እንደቆሙ በረሃብ አለቁ።

አባቷ በምሥራቁ ድንበር ወታደር ስለነበር በድንኳኑ ውስጥ የቀሩት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ። እናቷ ለበጎቹ እንደማትደርስላቸው ባወቀች ጊዜ አላለቀሰችም። መጥረቢያውን ለራሷ ያዘች፣ የእንጨቱን አካፋ ለልጇ ሰጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ እየወጡ በረዶውን ይሰብሩና ለባዝራዎቹ የሣር መስመር ይከፍቱላቸው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ለፍተው የሚከፍቱት ከአንድ ገመድ ርዝመት አይበልጥም። ያንጅማ የግራ እጇን የሁለት ጣት ጫፍ ለብርድ የገበረችው ያኔ ነው። ከሃምሳ በላይ ከነበሩት ፈረሶች አምስት ባዝራዎች ብቻ ቀሩ፤ የእነሱም የጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ነበር።

በረዶው ቀልጦ ሣር ሲበቅል አምስቱ ባዝራዎች አጥንታቸው እንደወጣ ከጎረቤት ድንጉላ ጋር ዋሉ። በዓመቱ አምስቱም ወለዱ። ከአምስቱ ውርንጭላዎች አራቱ ሴቶች ነበሩ። እናቷ ውርንጭላዎቹን አንድ በአንድ ጅራታቸውን እያነሣች ካየች በኋላ ልጇን ጠራቻት።

«ይህን ልብ በይ» አለቻት፤ «የራባት ባዝራ ሴት ትወልዳለች። መንጋው እንዳይጠፋ ነው። ድንጉላ ከጎረቤት ይለመናል፤ ባዝራ ግን የሚያውስሽ የለም።»

ያንጅማ ይህን ቃል ልብ አለች። ትምህርት ቤት የገባችው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ከመጽሐፍ ያገኘችው እውቀት ጥቂት ነው፤ ከእናቷ የተቀበለችውን ግን እንደ መጽሐፍ ያዘችው።

ከብቱ ሁሉ የማኅበር በሆነበት ዘመን ባዝራ አላቢ ሆና ሠላሳ ዓመት ሠራች። በዚያ አገር የባዝራ ወተት ይጠጣል። በባዝራ አላቢነት የሚታወቅ አንድ ነገር አለ፤ ባዝራ እንደ ላም ዝም ብላ አትታለብም። ውርንጭላው መሬት ላይ በተዘረጋ ገመድ ታስሮ ከአጠገቧ መቆም አለበት፤ ሲጠጋላት ወተቷን ታወርዳለች፣ ሲርቅባት ትይዛለች። ስለዚህ አላቢዋ በየቀኑ ስድስት ሰባት ጊዜ እናትን ከነልጇ ታያለች። ያንጅማም ታይና ታመዛዝን ነበር። አንድ ዓመት የማኅበሩ የእንስሳት ባለሙያ ለውድድር ፈረስ እንዲሆኑለት ብሎ አሥራ አራት ምርጥ ባዝራዎችን ከድንጉላው በፊት አጃና ጨው አስቀለበ። ሲወልዱ አሥራ አንዱ ወንድ ሆነ። ባለሙያው ደስ አለው፤ እሷ ግን የእናቷን ቃል አሰበች። በሌላ ዓመት ድርቅ በመታው ተዳፋት ላይ የዋሉት ባዝራዎች ሴት አበዙ። ደግሞ በሌላው ዓመት የጠገቡትም የራባቸውም ወንድና ሴት እኩል በኩል ወለዱ። ይህን የመጨረሻውን ዓመት ያንጅማ እንዳላየች ሆና አለፈችው። ሰው ለሚያምንበት ነገር እንዲህ ያዳላል።

እሷ ራሷ ለባሏ ለሎዶይ ሁለት ሴቶች ወለደችለት፤ ወንድ አልወለደችም። የእናቷን ቃል የሰሙት አላቢዎች ይህን ይዘው አይለቋትም ነበር። ሎዶይ ሥጋውን ብቻውን ጨርሶ ለሚስቱ መረቁን ያቀምሳታል እያሉ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቅና ማታ ለባሏ ስትነግረው፣ ሰውየው ቅር ብሎት ለሦስት ቀን ያህል የራሱን ሥጋ ወደ እሷ ሳህን ይገፋ ነበር።

ማኅበሩ ፈርሶ ከብት ለየቤቱ ሲከፋፈል ለሎዶይና ለያንጅማ አሥራ ሁለት ፈረሶች ደረሷቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ ስድሳ አደረሷቸው። ከዚያ ሎዶይ በጉበት በሽታ ሞተ። ሎዶይ በሞተ በዓመቱ፣ የጥንቸሏ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ሁለተኛው ታላቅ ዙድ መጣ።

ያንጅማ ስድሳ አምስት ዓመቷ ነበር። አብራት የነበረችው ከባሏ የተፋታችው ታናሽ ልጇ ኡያንጋ ናት። ትልቋ ልጅ ከተማ ገብታ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። እናትና ልጅ እንደገና መጥረቢያና አካፋ ይዘው ወጡ። በረዶው ሲለቅቅ ከስድሳ ፈረሶች ሰባት ባዝራዎች ቀሩ። ድንጉላው ሞቷል። የሰባቱ አውራ ቦራ የምትባለው ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሌሎቹን ወደ ውኃ የምትመራ ባዝራ። ቦራን ከእናቷ ሆድ ስባ ያወጣቻት ራሷ ያንጅማ ናት።

ኡያንጋ ነገር የማታንዛዛ ሴት ናት። አንድ ቀን ጠዋት የጨው ሻዩን እየቀዳች፣ እህቷ በፋብሪካው ቦታ እንዳገኘችላት ለእናቷ ነገረቻት። ወዲያው ግን ነገሩን አለሳለሰችው።

«አንድ ዓመት ልጠብቅ፣ እማማ» አለች። «ሰባቱ ከጎረቤታችን ከናምስራይ ድንጉላ ጋር ይዋሉ። በዓመቱ ከሚወለዱት ግማሾቹ ሴቶች ከሆኑ እዚሁ እንኖራለን። ካልሆነ ግን ወንድ ፈረስ ስንጠብቅ አንኖርም፤ እርስዎንም ይዤ ከተማ እገባለሁ። ተስማማን?»

ያንጅማ ተስማማን አለች። ሻዩን ግን ልትጨርሰው አልቻለችም። ከተማውን ታውቀዋለች። ትልቋ ልጇ የምትኖርበትን የአጥር ግቢ፣ ከብት የማይታይበትን ኮረብታ፣ የድንጋይ ከሰሉን ጢስ አይታ ተመልሳለች። እዚያ አንድ ሳምንት ስትቀመጥ እጇ ሥራ አጥቶ ቀኑን ሙሉ ቀሚሷን ሲያሻሽ ነበር የሚውለው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ሴት ውርንጭላ፣ ሴት ውርንጭላ።

ያን ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ሣሩ እንደ ጎረምሳ ጺም እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ። ባዝራዎቹ ወደ ድንጉላው የሚቀላቀሉበት ጊዜ ሲደርስ የእርዳታ መኪና ወደ ወረዳው መጣ። ብዙ ከብት ላለቀበት ቤት ሁሉ አጃና ፉርሽካ ታደለ። ለእነ ያንጅማም አምስት ጆንያ አጃና ሦስት ጆንያ ፉርሽካ ደረሳቸው። ኡያንጋ ጆንያዎቹን ከድንኳኑ ጀርባ ደርድራ በቆዳ ሸፈነቻቸው። ከዚያ የሞቱትን ከብቶች ቆዳ ይዛ ለአሥር ቀን ወደ ወረዳው ከተማ ልትሄድ ተነሣች። ለእያንዳንዷ ባዝራ ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ እንድትሰጥ እናቷን አደራ አለቻት። ያንጅማ እሺ አለች።

ኡያንጋ ከሄደች በኋላ ያንጅማ ጣሳውን አጃ ሞልታ ወደ ባዝራዎቹ ሄደች። ቦራ ሽታው ደርሷት ጆሮዋን አቁማ መጣች። ያንጅማ ቆመች። አሁን ከበሉ አገግመው ለድንጉላው ይደርሳሉ፤ ጠግበው ከደረሱ ደግሞ ወንድ ይጸንሳሉ። የማኅበሩ ባለሙያ ያስወለዳቸው አሥራ አንዱ ወንድ ውርንጭላዎች በዓይኗ ላይ ሄዱባት። ባዝራዎቹ ካልበሉ ደግሞ ጭራሽ ላይጸንሱ ይችላሉ። ይህንንም ታውቀዋለች። ሁለቱን በልቧ ስትመዝን ቆየች። ቦራ አፍንጫዋን ወደ ጣሳው ዘረጋች። ያንጅማ ጣሳውን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ተመልሳም አጃውን ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው።

በማግስቱም እንዲያው አደረገች። በሦስተኛው ቀን ባዝራዎቹ ሲያዩዋት መምጣት ተዉ።

ጎረቤቷ ናምስራይ የራሱን ዘጠኝ ባዝራዎች በአፍ ከረጢት እየቀለበ ነበር። የያንጅማ ሰባቱ ከእሱ ድንጉላ ጋር ስለሚውሉ ልዩነቱን ከማንም በፊት ያየው እሱ ነው። መጥቶ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ጠየቃት። እሷም የእናቷን ቃል ነገረችው። ናምስራይ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ክፋት አልነበረውም።

«ያንጅማ፣ ሙሽራ በጦሟ ትድሪያለሽ እንዴ?» አላት። «ሚስቴ እኮ ሰባት ሴቶች ስትወልድ አንድ ቀን እንኳ ምሳ አሳልፋ አታውቅም። እንዲያውም የኔን ትጨምርበት ነበር።»

«ሰው ሌላ፣ ፈረስ ሌላ» አለች ያንጅማ።

«ይሁን። ግን ቦራን አይተሻታል? ዛሬ ከወንዙ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆመች።»

ያንጅማ አይታለች። አላየሁም አለችው። ናምስራይ ሲሄድ ግን ወደ ወንዙ ወርዳ ቦራን ከሩቅ ስታይ ዋለች። ድንጉላው ከባዝራዎቹ አንዷን ሲከተል፣ ሌላዋን ሲያሸት አየች። የትኛዋ እንደጸነሰች፣ የትኛዋ እንዳልጸነሰች ልታውቅ አትችልም። አሁን ልቀልባቸው? የጸነሰችዋን አይጎዳትም፤ ያልጸነሰችዋስ ጠግባ ወንድ ብትጸንስ? ነገ እቀልባቸዋለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች። እህል ለራሷም በአፏ አልዞር አለ፤ እነሱ ሳይበሉ መብላት አፈረች፣ እነሱን ማብላት ደግሞ ፈራች። ሌሊቱን ሙሉ ትገላበጣለች፤ ጆንያዎቹ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከጆሮዋ ሥር ያሉ ይመስላት ነበር።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቦራ ወንዙ ዳር ተኛች። ያንጅማ ጠራቻት፤ አንገቷን አነሣችና መልሳ ጣለችው። ያንጅማ ሮጣ ናምስራይን ጠራችው። ሁለቱ ከሆዷ ሥር ወፍራም እንጨት አሳልፈው አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ይዘው አነሧት። የፊት እግሮቿ ቆሙ፤ የኋላዎቹ ታጠፉ። እንደገና ሞከሩ። በዚህ መካከል ኡያንጋ ከከተማ ተመለሰች። ከተዋሰችው ፈረስ ወርዳ ምንም ሳትጠይቅ ጅራቱን ያዘችና ሦስቱ አብረው አነሡ። ቦራ ጥቂት ቆማ ተመልሳ ወደቀች። ኡያንጋ እጇን በባዝራዋ ጎን ላይ አሳለፈች። ጣቷ አጥንቱን እየቆጠረ ሄደ።

«እማማ፣ አጃው አልቋል?»

ኡያንጋ ወደ ድንኳኑ ሄዳ ቆዳውን ገለጠች። ከአምስቱ የአጃ ጆንያዎች አራቱ እንደተሰፉ ነበሩ፤ የተፈታው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ተመልሳ ስትመጣ አልጮኸችም፤ ብትጮህባት ያንጅማ በወደደች ነበር።

«ለምን?» አለች።

«ሴት እንዲወልዱ» አለች ያንጅማ። «አንቺ እንዳትሄጂ ነው።»

ናምስራይ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ወንዙ ዞረ።

«ስለዚህ በእኔ ምክንያት ነው የተራበችው» አለች ኡያንጋ። «እንዲህ መሆኑን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቃል አልናገርም ነበር።»

ያንጅማ አጃውን በቀሚሷ እቅፍ ይዛ መጣች። ከቦራ ራስ ዘንድ ተቀምጣ በእፍኟ ሰጠቻት። ቦራ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ትንሽ ቃመች፤ ግማሹ ከአፏ ወደቀ። ያንጅማ የወደቀውን እየለቀመች መልሳ ትሰጣት ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ቦራ ሞተች። ሆዷ ውስጥ ጽንስ ይኑር አይኑር ማንም አላወቀም።

የቀሩት ስድስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠግበው በሉ። ያንጅማ በጣሳ አልለካችም፤ እስኪተዉት ድረስ ነበር የምትሰጣቸው። ሲበሉ ግን ከአጠገባቸው ሆና ጭንቀቱ አይተዋትም። ድንጉላው ገና ከእነሱ ጋር ነው። በጦማቸው ጊዜ የጸነሱ አሉ? ከጠገቡ በኋላ የጸነሱስ? ያደረገችው ሁሉ ተበላሽቶ ቦራ በከንቱ ሞታ እንደሆነስ? እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ቁሩ ገባ። ኡያንጋ ስለ ከተማው አታነሣም፤ ግን የእህቷን ደብዳቤ ከሳጥኑ ክዳን ሥር እንደሰካችው ነው። ያንጅማ ሳጥኑን በከፈተች ቁጥር ታየዋለች። በብርዱ ወራት ባዝራዎቹ ሆዳቸው ወደ ታች ወርዶ ሲከብድ፣ እሷ በየጠዋቱ ጎናቸውን በመዳፏ ትዳስሳለች። ውርንጭላው ሲራገጥ መዳፏን ይመታዋል። ምቱ የወንድ ነው የሴት እያለች በልቧ ስትጠይቅ ራሷን ትይዘውና ታፍራለች፤ በበነጋው ግን መልሳ ትጠይቃለች።

በረዶው ሲቀልጥ አንደኛዋ ባዝራ መካን ሆና ቀረች። አምስቱ ቀሩ። ዳማዋ መጀመሪያ ወለደች፤ ወንድ። ከአራት ቀን በኋላ ሐመሯ ወለደች፤ እሱም ወንድ። ኡያንጋ ውርንጭላውን በደረቅ ሣር እያሸች ፊቷን አልመለሰችም። ያንጅማ ያን ቀን አልበላችም። ከዚያ ሁለት ሴቶች በአንድ ሳምንት ተከታትለው መጡ። ሁለት ለሁለት። የመጨረሻዋ ጉራቻዋ ናት፤ ነገሩ ሁሉ በእሷ ላይ ቀረ።

ጉራቻ በጠዋት ምጥ ጀመራት። እስከ ቀትር አልወለደችም። የውርንጭላው አንድ እግር ወጥቶ ሌላው ታጥፎ ቀርቷል። ኡያንጋ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን በቅባት አሽታ አስገባች፤ ያንጅማ ባዝራዋን ከራሷ በኩል ይዛ ታባብላታለች። ብዙ ለፉ። ጉራቻ ላብ አጠመቃት፣ ዓይኗ መገለባበጥ ጀመረ። ኡያንጋ የታጠፈውን እግር አቃንታ ስትስበው ውርንጭላው በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ሳለ፣ ተነፈሰ።

ኡያንጋ ቀና ብላ እናቷን አየች። ያንጅማ ወደ ውርንጭላው አልዞረችም። ፉርሽካ በለብ ያለ ውኃ በጥብጣ በገበታ ይዛ ከጉራቻ አፍ ሥር አድርጋለች፤ ሌላ እጇ የባዝራዋን አንገት ይጠርጋል። ውርንጭላው ሊቆም ሲንገዳገድ፣ ሲወድቅ፣ እንደገና ሲነሣ እንኳ አልዞረችም። ጉራቻ ገበታውን እስክትልስ ድረስ ያንጅማ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«እማማ፣ ምን እንደሆነ አይጠይቁኝም?»

«ቆይ፣ ትብላ» አለች ያንጅማ።

ወንድ ነበር። ከአምስት ሁለት ሴቶች። በቃሏ መሠረት ኡያንጋ እናቷን ይዛ መሄድ ነበረባት። ያንጅማም ይህን አውቃ የምትይዘውን ዕቃ፣ ለናምስራይ የምትተወውን በልቧ መለየት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ኡያንጋ ከድንኳኑ ፊት መሬት ላይ ገመድ ዘረጋች፤ ካስማ መታች፤ አምስቱን ውርንጭላዎች በተርታ አሰረች። አምስቱም እናቶች ወደ ልጆቻቸው ተጠጉ። ኡያንጋ ባልዲዋን ይዛ ከዳማዋ ሥር ተንበረከከች፤ ወተቱ ወረደ።

«ወንድም ሆነ ሴት፣ ገመዱ ላይ ካለ እናቱ ወተት ታወርዳለች» አለች ሳትዞር። «ለዘንድሮ ይበቃናል። የሚመጣውን በሚመጣው እናያለን።» ያን ዕለት ማታ ለእህቷ ደብዳቤ አልመጣም ብላ መልስ ጻፈች።

ናምስራይም መጣ። ከዘጠኙ የጠገቡ ባዝራዎቹ ስምንቱ ወልደው ስድስቱ ወንዶች ሆነዋል። አገጩን እያሸ ተቀመጠና ምናልባት የእናትሽ ቃል እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ነኝ የሳቅሁት አላት። ያንጅማ ደስ አልተሰኘችም። እንደ መርዶ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አለፈ። ከዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት አጥኚ መጥታ በየድንኳኑ እየዞረች ባዝራዎች ከመጽነሳቸው በፊት የበሉትንና የወለዱትን ትጠይቅ ነበር። እናት የምትበላው ነገር ወንድ ወይም ሴት መውለዷን እንደሚነካ በውጭ አገርም የሚያጠኑ ሰዎች እንዳሉ፣ ግን ገና እንደሚከራከሩበት ለያንጅማ ነገረቻት። ያንጅማ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት፤ እኩል በኩል የወለዱበትን ዓመትም ሳትደብቅ። ስለ ቦራም ነገረቻት። ልጅቷ ስትጽፍ ቆይታ ብዕሯን አስቀመጠችና፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን ለእርስዎ ትልቁ ነገር ምን ነበር ብላ ጠየቀቻት።

«እውነት ሊሆን ይችላል፣ ልጄ» አለች ያንጅማ። «የጠገበችው ወንድ፣ የራባት ሴት ታበዛ ይሆናል። እናንተ ድረሱበት። እኔ ግን ከፊቴ ርቧት የቆመችውን እናት ትቼ ገና ያልተጸነሰውን ስቆጥር ነበር። ልጄ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው፤ ይህም ምክንያት አይሆነኝም። ትልቁ ነገር የቆመችዪቱ ናት። ወረቀትሽ ላይ መጀመሪያ በልታለች ወይ ብለሽ ጻፊ። ምን እንደወለደች ከዚያ በኋላ ብትጽፊው ይደርሳል።»